«ከጉልበቷ ጀምሪ»፦ የፍሎረንስ የሥዕል ጉዞዬ

እጅና የልብስ እጥፋት መሣል እየተለማመድኩ መሆኔን የምታውቁ ጓደኞቼ፣ የዚህ ወር ማስታወሻዬ ከወትሮው ረዘም ይላል። ሙኒክ ውስጥ በማታ የምንማር የሥዕል ተማሪዎች ለአራት ቀን ፍሎረንስ ሄደን ተመልሰናል። በአውቶቡስ የብሬነርን የተራራ መተላለፊያ አቋርጠን ስንደርስ መሽቶ ነበር። መምህራችን ግን ሻንጣችንን እንዳስቀመጥን በእግር ወደ ካቴድራሉ ይዘውን ሄዱ። በጠባብ መንገድ ስንጓዝ ቆይተን አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 የሠራው ጉልላት ድንገት ከፊታችን ገጭ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ያህል ግዙፍ ነገር ከሥር እስከ ጫፍ በእንጨት ድጋፍ ሳይያዝ መገንባቱን ሲነግሩን ድካሙ ጠፋልኝ።

የጉዞው ደንብ አጭር ነው፤ እርሳስ ብቻ፣ ላጲስ የለም፣ በቀን ከሦስት ሥራ በላይ አይሣልም። የመጨረሻው አስከፍቶኝ ነበር። በኡፊዚ ሙዚየም ሁለት ሰዓት ካሳለፍኩ በኋላ ግን ሦስቱም በዝተውብኛል።

በዚያ ሙዚየም በአንድ ክፍል ውስጥ የሦስት ሠዓሊዎች እመቤታችን ማርያም ልጇን ታቅፋ በዙፋን ተቀምጣለች፤ የቺማቡዌ፣ የዱቾና የጆቶ። ሦስቱም ከሰው ቁመት በላይ የረዘሙ የእንጨት ገበታዎች ናቸው፤ ቀለሙ በዕንቁላል አስኳል የተበጠበጠ፣ መደቡ ወርቅ። ልጅ ሳለሁ በቤተ ክርስቲያን ምስለ ፍቁር ወልዳን እያየሁ ስላደግሁ፣ የቺማቡዌ ሥዕል ፊት ስቆም ባዕድ አገር ያለሁ አልመሰለኝም። ቀኝ እጇን ወደ ልጇ ዘርግታ «እርሱን እዩ» ትላለች። የመጎናጸፊያዋ እጥፋት በቀጫጭን የወርቅ መስመሮች ተሥሏል፤ መስመሮቹ እንደ ጨረር ይፈስሳሉ እንጂ ከሥራቸው አካል መኖሩን አይናገሩም። ይህን ጉድለት አድርጌ አላየውም። ያ መስመር የሚያመለክተው ሥጋን ሳይሆን ክብርን ነው፤ የእኛም አገር ሠዓሊዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል።

ከዚያ ወደ ጆቶ ዞርኩ። በ1300 እና በ1310 መካከል ገደማ የተሣለ ነው ይባላል፤ ከቺማቡዌ ብዙም አይርቅም። እዚህ የወርቅ መስመሩ የለም። ሰማያዊው ጨርቅ እንደ ጋቢ ይከብዳል፤ ከሆዷ ወርዶ በሁለቱ ጉልበቶቿ መካከል ይሰምጣል፤ ጉልበቶቿ ደግሞ ከጨርቁ ሥር ገፍተው ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ያደረገው አንዱን ሰማያዊ ቀለም ወደ ጥላው በማጥቆር፣ ወደ ብርሃኑ በማፍካት ብቻ ነው። ሴቲቱ በእርግጥ ተቀምጣለች፤ ዙፋኑ ክብደቷን ተሸክሟል።

እንደ ልማዴ ከዓይኖቿ ጀመርኩ። ፊቷን በደንብ አወጣሁት፤ አካሏ ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱ አለቀ፤ ጉልበቷ ከገጹ ውጭ ቀረ። መምህራችን ከኋላዬ መጥተው ጥቂት አዩና «ዓይኗን እኮ ከድሮም ታውቂዋለሽ፤ ከጉልበቷ ጀምሪ» አሉኝ። አዲስ ገጽ ገለጥኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ የሣልኩት ከወገብ በታች ብቻ ነው፤ ፊት የለውም፣ ልጅም የለውም። እስካሁን ከሣልኩት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ከሙዚየሙ ስንወጣ በረጅሙ ኮሪደር ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ከተደረደሩት የታዋቂ ሰዎች ምስሎች መካከል የአፄ ልብነ ድንግልን ፈለግሁ። የፍሎረንሱ መስፍን ኮሲሞ ቀዳማዊ በ1552 ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ ወደ ኮሞ ከተማ ልኮ፣ የታሪክ ጸሐፊው ፓውሎ ጆቪዮ የሰበሰባቸውን ምስሎች በግልባጭ ካሣላቸው ውስጥ አንዱ ነው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላየም፤ የሣለው ከሌላ ሥዕል ነው። አንገቴ እስኪደነዝዝ ቀና ብዬ ቆምኩ። አብረውኝ የሚማሩት ማን እንደሆነ ጠየቁኝና በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ከፖርቱጋል መልእክተኞች አንሥቼ ስለ ዘመኑ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ማዛቾ በ1427 ገደማ ግድግዳው ላይ የሣለው ሥላሴ፣ ጣሪያው ወደ ውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ ግድግዳው የተቦረቦረ ይመስላል። በ1441፣ በዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ነበሩ። ጉልላቱ ያን ጊዜ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ምን ብለው ይሆን እያልኩ መሣሉን ረሳሁት፤ የዚያን ቀን ገጼ ባዶ ነው።

ስለ ሚኬላንጄሎ የዳዊት ሐውልት አልጽፍም፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ስለነበር በቅጡ አላየሁትም። ሐውልቱ ባለበት አዳራሽ ያሉትን፣ «እስረኞች» የሚባሉትን ያልተጠናቀቁ የድንጋይ ሐውልቶቹን ግን አደራ እዩ። የመሮው ጭረት ድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው፤ ቀራፂው የትኛውን አካል አስቀድሞ እንዳወጣ በዓይን መከተል ይቻላል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ማታ አንድ መብራት ከግራ አበራና ነጠላዬን ወንበር ላይ ጥዬ እሥላለሁ። ነጠላ ለዚህ ልምምድ ስስ ነው፤ እጥፋቱ ይበዛል፣ ጥላው ይደበዝዛል። ስለዚህ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ አወጣሁ። በወንበሩም ላይ ስምንት ገጽ ሣልኩ፤ ሁሉም ጨርቅ ብቻ ሆኑ። ባለፈው እሑድ ወንድሜን ለምኜ ጋቢውን አልብሼ አስቀመጥኩት። በዘጠነኛው ገጽ፣ በቀኝ በኩል፣ ጉልበቱ ወጣ። ግራው ገና ነው።