የመንገድ ጥገና ብር ከማደያ ተነስቶ ቦይ እስኪደርስ

ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ቦንጋ የሚወጣ ሹፌር ማደያ ገብቶ ናፍጣ ሲቀዳ ለመንገድ ጥገናም እየከፈለ ነው። የመንገድ ፈንድ በዐዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም በነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ፣ የአክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነትን መሠረት አድርጎ በየዓመቱ ቦሎ ሲታደስ የሚከፈል፣ ከልክ በላይ የጫነ የሚቀጣው ቅጣት እና የመንግሥት በጀት የገቢ ምንጮቹ ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ፈንዱን በዋናነት ያቆመው የነዳጁ ክፍያ ነው። አሰባሰቡ ቀላል ነው፤ በየመንገዱ ኬላ አያስፈልገውም፣ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል።

ነዳጅ የማይለካው ግን ክብደትን ነው። መንገድ የሚጎዳው በአክስል ላይ ባረፈው ጭነት ልክ ሲሆን፣ ጉዳቱ የሚያድገው በግምት በአራተኛ ርቢ ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። 100 ኩንታል የሚያርፍበት አክስል ላይ 20 ኩንታል ቢጨመር ጉዳቱ ከእጥፍ ያልፋል። ተጨማሪው ጭነት የሚያስወጣው ናፍጣ ግን ከዚያ ጋር አይመጣጠንም። 15 ኩንታል ከሚያርፍበት የሚኒባስ አክስል ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ያው 100 ኩንታል የያዘ አክስል ወደ 2 ሺህ እጥፍ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ በቡና ወቅት የጭነት መኪና ክብደት የሚለካበት የሚዛን ጣቢያ ጥቅሙ ከቅጣት ገቢው ይልቅ ጉዳትን በመከላከሉ ይበልጣል። ቅጣቱም ቢሆን ከልክ በላይ የተጫነውን ቡና አድርሶ ከሚገኘው ትርፍ ካነሰ፣ ጫኚው እንደ ኪራይ ቆጥሮ ይከፍለውና ጉዞውን ይቀጥላል።

ሌላው ድክመት ክፍያው በሊትር በሳንቲም ሲተመን ይታያል። የአስፋልት፣ የሲሚንቶና የማሽን ኪራይ ዋጋ ሲወጣ ሳንቲሙ ባለበት ከቆመ፣ ፈንዱ በዚያው ገንዘብ የሚጠግነው ኪሎ ሜትር በየዓመቱ ያጥራል። ከጥር 2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው ኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ባትሪው ከባድ ነው፣ ማደያ ግን አይገባም። ኒውዚላንድ ከ1978 እ.ኤ.አ. አንስቶ ናፍጣ ተሽከርካሪዎችን በክብደትና በሄዱበት ኪሎ ሜትር ታስከፍላለች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ መኪናዎችንም ጨምራለች። እኛም ቦሎ በሚታደስበት ጊዜ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ መዝግቦ ከዚያ መጀመር እንችላለን።

የተሰበሰበው ብር የት ይግባ? መልሴ አንድ ነው፤ አስቀድሞ ቦይና ከልቨርት (ውሃን ከመንገድ ሥር የሚያሻግር ቱቦ)። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ አፈሩም ሸክላማ። ቦዩ በደለል ከተሞላ ውሃው ከመንገዱ ትከሻ (ከአስፋልቱ ዳር) ወደ አስፋልቱ ሥር ይሰርጋል፣ መሠረቱ ይላላል፣ በላዩ ያለፈ ተሳቢ ያሰምጠዋል። እዚያ ላይ አስፋልት መለጠፍ ብር መጣል ነው። ጉድጓድ በደንብ ሲደፈን ጠርዙ ጤነኛው አስፋልት እስኪገኝ ድረስ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ጭቃና ውሃው ይወጣል፣ ግድግዳውና ወለሉ ሬንጅ ይቀባል፣ ድብልቁም በንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ውሃ እያቆረ አስፋልት የተደፋበት ጉድጓድ ግን ወዲያው ይገነጠላል።

የጠጠር መንገድን ወጪ በሂሳብ እንየው። 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በትራፊክና በዝናብ 2 ሳንቲሜትር ጠጠር ቢያጣ፣ በኪሎ ሜትር የተጠቀጠቀ 140 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ልል ገረጋንቲ ሲሆን ወደ 180 ይጠጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ11 ምልልስ በላይ። ግሬደሩ (መንገድ ደልዳዩ ማሽን) የመንገዱን መሐል ከፍ፣ ሁለቱን ጎን ከ4 እስከ 6 በመቶ ዘንበል አድርጎ ካልሠራው ግን አዲሱ ገረጋንቲም በአንድ ክረምት ታጥቦ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው የገንዘቡ ወቅት ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጅማ ላይ ዝናቡ የበረታበት ወር። ጨረታና ውል ሲያልቅ ጥቅምት ይደርሳል፣ በጋው ለአስፋልትና ለገረጋንቲ ይውላል። ቦይ መጠረግ ያለበት ደግሞ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ያኔ ከበጀቱ የተረፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ አካፋና ዶማ ይዘው ቦይ ለሚጠርጉ የቀን ሠራተኞች የሚከፈለው ገንዘብ ከመስከረም ጀምሮ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለሌላ ሥራም አይዛወር።