ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚመጣው ብርድ

ነርስ ነኝ። አዳር ዱቲ የሚገባ ሁሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓትን ያውቃታል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሹራብ ተደርቦም ይበርዳል። ዓይን ይከብዳል። እኛ የምናማው የአዲስ አበባን ብርድ ነበር። ቴርሞሜትር እጄ ላይ እያለ ለምን ራሴን አልለካም አልኩ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ምላሴ ሥር እያደረግኩ መዘገብኩ። (ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ከመለካታችሁ በፊት ሻይ አትጠጡ፤ ቁጥሩን ያበላሻል።) ማታ 37 ዲግሪን የተጠጋው ሙቀቴ ወደ 10 ሰዓት ግድም 36.3 ደረሰ። ሊነጋ ሲል፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ መልሶ መውጣት ጀመረ። በሌላውም ሌሊት ያው ነው።

ነገሩ የአየሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አንጎላችን ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ 20 ሺህ ያህል ሴሎች ያሉት ሰዓት አለ። ሲመሽ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሙቀት በቆዳ በኩል ይወጣል፣ እንቅልፍም አብሮ ይመጣል። ሙቀቱ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ከለመድነው መንቂያ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው። እኔ ዱቲ ልግባ አልግባ ግድ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1938 ናትናኤል ክላይትማን የተባለ ተመራማሪ ከወጣት ረዳቱ ጋር አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ ዋሻ ገብቶ፣ ቀኑን 28 ሰዓት አድርጎ ለ32 ቀናት ኖሯል። ረዳቱ ለመደው። የክላይትማን ሙቀት ግን ከ24 ሰዓቱ ንቅንቅ አላለም። እኔም ከክላይትማን ወገን ሳልሆን አልቀርም።

ስለዚህ መታገሉን ትቼ ሥራዬን በሰዓቱ ልክ አደላደልኩ። የመድኃኒት ስሌት የሚፈልገውን፣ ከተቻለ፣ ከ9 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ። 10 ሰዓት ላይ የመጣውን ስሌት ባልደረባዬ ደግሞ ያየዋል። ቡና ከ7 ሰዓት በኋላ የለም፤ ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ካፌይን ገና ደም ውስጥ ነው።

ጠዋት ስወጣ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ፤ የማለዳ ብርሃን ሰዓቱን «ነግቷል» ይለዋልና። ታክሲ ውስጥ ያስቃል፣ ይሁን። ቤት ስደርስ እግሬን በሞቀ ውሃ እታጠባለሁ። እናቴ «እግርሽን ታጥበሽ ተኚ» የምትለው ለንጽሕና ይመስለኝ ነበር፤ እግር ሲሞቅ ግን ደም ሥሩ ይከፈታል፣ የውስጡ ሙቀትም ቶሎ ይወጣል።

ያም ሆኖ የቀን እንቅልፍ አጭር ነው፤ ሙቀቱ ሽቅብ እየወጣ ነዋ። እኩለ ቀን ላይ ከነቃሁ አልጋ ላይ አልገላበጥም። ተነሥቼ ምሳዬን እበላለሁ፣ ዱቲ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ሸለብ አደርጋለሁ።