ማጣሪያውን ከምርመራው በፊት ገዛሁት

ደብረ ብርሃን ያለው ግቢያችን ውስጥ የእጅ ጉድጓድ አለን። ውሃው ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው። ጄሪካን ውስጥ ሲያድር ግን ቀላ ይልና ከሥሩ ዝገት የመሰለ ነገር ይዘቅጣል። ሻይ ያጠቁራል። የባለቤቴ ነጠላ ታጥቦ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ይህን ሁሉ ችለን ነበር። ትንሿ ልጄን በአንድ ክረምት ሁለቴ ተቅማጥ ሲይዛት ግን አልቻልኩም።

አንድ ሻጭ ጋ ሄድኩ። «ይሄ ሁሉንም ያጣራል» አለኝ፤ ገዛሁት። ስለ ጉድጓዱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። የከሰል ማጣሪያው በሦስት ሳምንት ቀይ ጭቃ ለብሶ ተደፈነ። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ናሙና ያስመረመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ላቦራቶሪው በሰጠኝ ንጹሕ ጠርሙስ ንጋት ላይ ቀዳሁ፤ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከትቼ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። ለጀርም ምርመራ የሚሄድ ናሙና ከዘገየ ውጤቱ አይታመንም።

ብረቱ በሊትር 1.8 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። ከ0.3 ካለፈ ልብስና ዕቃ ያቀልማል። ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ከ1.5 በታች ስለነበር ከሐሳብ ገላገለኝ። ያስደነገጠኝ ኢ. ኮላይ የተባለው ጀርም መገኘቱ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መኖር የለበትም። መኖሩ ሰገራ ከውሃው እየተቀላቀለ ነው ማለት ነው።

ውጤቱን ይዤ ሦስት ባለሙያዎች አነጋገርኩ። ሁለቱ ወረቀቱን ገረፍ አድርገው አይተው ወደ ዋጋ ገቡ። ሦስተኛው ግቢያችን ድረስ መጣ። «ሽንት ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አለኝ። በሜትር ለካው፤ 11 ሜትር። ያውም ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ! ቢያንስ 30 ሜትር ራቅ ብሎ ከጉድጓዱ በታች በኩል መሆን ነበረበት። «ይሄ ሳይነሳ ምንም ብገጥምልዎ ገንዘብዎን መብላት ነው» አለኝ። የማምነውን ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው።

ሽንት ቤቱን ወደ ታች አዛወርነው። የጉድጓዱን አፍ ከፍ አድርገን ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰንን፤ ክዳንም አበጀንለት። ከዚያ ባለሙያው ጉድጓዱን በክሎሪን አክሞ አሳደረው፤ በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ቀድተን ደፋን። ለብረቱ ደግሞ ውሃው በተበሳሳ ቱቦ እየተንጠባጠበ ሮቶ ውስጥ እንዲወርድ አደረገ። አየር ሲያገኘው የሟሟው ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱን ከታች ያለው አሸዋ ይይዘዋል። ክሎሪን የሚጨመረው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ብረቱ ይበላዋል። በአልትራቫዮሌት መብራት ጀርም የሚገድል መሣሪያም አለ። እኛ ሰፈር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ያቆማል ብሎ ራሱ አስተወኝ።

ሥራው እስኪያልቅ የምንጠጣውን አፈላን። እንደኛ ባለ ደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት።

አሸዋውን በየጊዜው የማጥበው እኔው ነኝ። ናሙና ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እልካለሁ፤ ጎርፉ ጉድጓዱን የሚፈትነው በክረምት ነውና። ባለፈው መስከረም ብረቱ 0.2 ነበር፤ ኢ. ኮላይ አልተገኘም።