ተቀምጦ ይብስበታል፣ ተኝቶ ይሻለዋል

ታላቅ ወንድሜን ስትሮክ መትቶት አንጎሉ ሲያብጥ፣ ሐኪሞቹ ከራስ ቅሉ በግራ በኩል ሰፊ አጥንት አንስተው ነው ነፍሱን ያተረፉት። ያበጠ አንጎል በዝግ ቅል ውስጥ መሄጃ የለውም። የወጣው አጥንት በማቀዝቀዣ ተቀመጠ። አንዳንዱ ታማሚ ላይ ደግሞ ሆዱ ላይ ከቆዳ ሥር ይቀብሩታል።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ደግፈነው ይራመዳል፣ በቀኝ እጁ ማንኪያ መያዝም ጀምሮ ነበር። ከዚያ እብጠቱ ጎደለና አጥንቱ የተነሳበት ቦታ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰረጎደ። ሰውየውም አብሮ ወደኋላ ተመለሰ። ማንኪያው ከእጁ ይወድቃል። የጀመረውን ወሬ አይጨርስም። ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል።

"ድብርት ነው፣ ተስፋ ቆርጧል" አሉን። አንዱ ባለሙያማ ፊት ለፊት "ሰነፍክ" አለው። እስካሁን ያናድደኛል።

ነገሩን የለየችው እናቴ ናት። ለነርቭ ቀዶ ሐኪሙ "ዶክተር፣ ልጄ ከአልጋው ሳይነሳ ደህና አድርጎ ያወራኛል። ቀና አድርገን ስናስቀምጠው ነው የሚጠፋብን" አለችው። ሐኪሙ የሰረጎደውን ቦታ በጣቱ ዳሰስ አደረገ። አስተኝቶት ጣቱን አስጨበጠው። አስቀምጦት ትንሽ ጠበቀና እንደገና አስጨበጠው። ጣቶቹ ሲላሉ እኛም አየን።

ለካ የታወቀ ችግር ነው፤ ግራንት እና ኖርክሮስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፈውበታል። አጥንት ከሌለ የውጭው አየር ግፊት ቆዳውን አንጎል ላይ ይጫነዋል። ሰው ቀና ሲል ደግሞ የአንጎል ፈሳሽ ወደ አከርካሪ ስለሚወርድ መሰርጎዱ ይብሳል፣ የደም ዝውውሩም ይታወካል። ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳትም ያባብሰዋል። ከሆስፒታል ስንወጣ ይህን በሁለት መስመር ጽፎ የሰጠን ቢኖር ምን ነበረበት?

ዋናው መድኃኒቱ ቅሉን መልሶ መግጠም ነው። ተራው እስኪደርስ ብዙ ሰዓት በጀርባው አስተኛነው፤ ሲነሳ ወድቆ እንዳይመታ ሄልሜት አደረግንለት።

አጥንቱ ከተገጠመለት በኋላ በቀናት ውስጥ ወሬው ተመለሰ፣ እጁም በረታ። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አይፈጥንም። ስትሮኩ የወሰደው ግን አልተመለሰም፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ይወስዳል። ተመልሶ የተገጠመው የራሱ አጥንት ቀስ በቀስ ሊሟሟ ስለሚችል በራጅ ይከታተሉታል። ከሟሟ በታይታኒየም ይተኩታል። እሱ አሁኑኑ "ኤርፖርት ላይ ሊጮህብኝ ነው" እያለ ያሾፋል።