ለሁለት ቤት የሚሆን አሳ ፍለጋ

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቡናችን አንድ ነው። አቦሉን እኔ ቤት ጀምረን በረካውን እሷ ቤት የምንጨርስበት ቀን አለ። ሥጋ ሲመጣ ግን ማዕዳችን ይለያል። ለሠርግም ለሌላ ድግስም ለየብቻ የሚታረደው፣ ድስቱም የሚለየው ለዚህ ነው።

አሳ ግን አይታረድም። እነሱ ዘንድ ሳይታረድ ሐላል ነው። እኛም ዘንድ «ማን ባረከው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ትሪ ከበን አብረን የምንጎርሰው ነው። ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ «የእንኳን ደህና መጣሽ ምሳውን እኔ እሠራለሁ፣ አሳ ነው» አልኩ።

እዚሁ ከተማ ውስጥ የተዘጋጀ ፊሌቶ ገዛሁ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በረዶ ሆኖ ነበር። በረዶው ሲለቅ ሥጋው ውሃ እንደነካው ዳቦ ፈረሰ። ዘይት ውስጥ ሲገባ ሽታው ባሰ። ሎሚ ጨመርኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ አልሆነም። ደፋሁት። እንግዶቹ ሽሮ በሉ። ጎረቤቴ «አብሽሪ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል» አለችኝ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። ሐይቅ አፍንጫችን ሥር እያለ እንዴት ደህና አሳ እናጣለን?

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምግብ ቤት መግባት ነው። አሳ የሚሠሩ ቤቶች እየገባሁ ጥብስ አዝዤ በላሁ። የጣመኝ ቦታ ወጥ ቤቷን አስጠርቼ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ «ከየት ነው የምታስመጡት? በየትኛው ቀን ነው የሚገባላችሁ?» እላለሁ። ሰው በእጁ ሙያ ሲመሰገን ደስ ብሎት ያወራል። መልሳቸው ወደ አንድ ቦታ መራኝ፤ ሐይቅ።

ሐይቅ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እስከ ከተማው በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ውሃው በባጃጅ። ብዙዎቻችን ሐይቅን የምናውቀው በእስጢፋኖስ ገዳም ነው። አሳው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ በብዛት የምንበላው ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። አምባዛም አለ።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ከሸፈ። የደረስኩት አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ያገኘሁት ሌላው ገዢ መርጦ የተወውን፣ ፀሐይ ላይ የዋለውን ነው። ባዶ እጄን ልመለስ ስል መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አስጋሪ አነጋገሩኝ። የፊሌቶውን ጉድ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ፊሌቶ ዓይን የለውም» አሉኝ። «ምኑን አይተሽ ገዛሽው?»

አጠገባቸው ተቀምጬ ብዙ ነገር ተማርኩ። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይወጣል። ሌሊት መረቡ ውስጥ የሞተ አሳ ስለሚኖር ጠዋት ጀልባ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ትኩስ አይደለም። እንግዲህ መምረጥ ማወቅ አለብኝ ማለት ነው። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን፤ የደፈረሰና የጎደጎደ ከሆነ ተይው። ከጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥብ ገልጠሽ እዪ፤ ደም የመሰለ ቀይ ካልሆነና ወደ ቡናማ ካደላ ቆይቷል። በጣት ስትጫኚው ሥጋው ተመልሶ ይሙላ። ቅርፊቱ በቀላሉ አይርገፍ። ሽታውም የውሃ፣ የቄጠማ ዓይነት ነው። አሳ አሳ የሚለው ኃይለኛ ሽታ የአሳ ተፈጥሮ ይመስለኝ ነበር። የመቆየት ሽታ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከመንጋቱ በፊት ወጣሁ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ እኔም ደረስኩ። ሙሉ አሳ መረጥኩና ፊት ለፊቴ አስቆረጥኩ። ከሦስት ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ መጀመሪያ የተታለልኩ መስሎኝ ነበር። ጭንቅላቱንና አጥንቱንም አስጠቅልዬ ወሰድኩ። የአሳ ሾርባ የሚጣፍጠው በሱ ነው። ማጠቢያውንም ከቤት በጀሪካን ይዤ ሄጃለሁ፤ ብዙ አሳ በታጠበበት ባልዲ የእኔ እንዲታጠብ አልፈለግኩም።

ፊት ለፊት ማስቆረጥ ሌላም ጥቅም አለው። ከተቆረጠ በኋላ አምባዛና ቆሮሶ ለማያውቅ ሰው ይምታታል። አምባዛ ክፉ አሳ አይደለም፤ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው ነው፣ ለጉላሽ ይሆናል። ግን ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉ የእምነቴ ሰዎች ብዙ ናቸው። እናቴ አንዷ ናት። የሁለት ሃይማኖት ሰው የሚቀርብበት ማዕድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መደበቅ ነውር ነው። ስለዚህ ለእንግዳ የምገዛው ቆሮሶ ብቻ ነው።

መጓጓዣው ቀላል ሆነልኝ። ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድራለሁ። ጠዋት ሦስት አራቱን ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ እደረድርና አሳውን በንጹህ ፌስታል መሃላቸው አስቀምጣለሁ። በረዶው ሃይላንዱ ውስጥ ስለሚቀልጥ ውሃው ሥጋውን አይነካውም። ሙሉ አሳ የምወስድ ከሆነ ሆዱን እዚያው አስጠርጋለሁ፤ መበላሸት የሚጀምረው ከሆድ ዕቃው ነው። ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ስወስድ በረዶውን እጨምራለሁ። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ግን ቆላ ቀመስ ነው፤ ደሴ የቻለው አሳ እዚያ ላይችል ይችላል።

ስለ ጾም ሳልናገር አላልፍም። በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፣ በዚያ አልገባም። ፈላጊው ግን ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። ከተማ ውስጥ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው ያኔ ነው። በጾም ወራት ወይ ውሃው ዳር እሄዳለሁ፣ ወይ አልገዛም።

እጅ የማታክል አሳም አልገዛም፣ በነጻ ቢሰጡኝም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍል፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሳትወልድ የተያዘች ትንሽ አሳ ሳይ ያሳዝነኛል። ሁላችንም እምቢ ብንል ጠባብ መረብ የሚጥል ሰው ምን ያተርፋል?

ያልተሳካው ምሳ ከወር በኋላ ተደገመ። ጥብሱን እኔ በጨውና በሎሚ ብቻ ሠራሁ። ጉላሹን ጎረቤቴ በቲማቲምና በቃሪያ አቆላችው። ሾርባው ከጭንቅላቱ ወጣ። እናቴም መጣች፣ የጎረቤቴ አባትም መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በስንት ዓመት ጉርብትና ከአንድ ትሪ አሳ ሲጎርሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ አጥንቱን እየለቀመች አጎረሰቻቸው።

አሁን አዛውንቱ አስጋሪ ስልኬን ይዘዋል። «ልጄ፣ ዛሬ ማታ መረብ እንጥላለን» ብለው ሲደውሉ ለጎረቤቴ በግድግዳው በኩል እነግራታለሁ። እሷም ሃይላንዶቹን ትሞላለች።