መጀመሪያ ሲያርፍ እንዳትነሺ

እማዬ እህቴን ልታርስ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ መንገዱ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ብነግራት ዝም አለች። የደሴ ልጅ ናትና በደሴ መንገድ አሰላሁላት። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ። «ደሴን 29 ጊዜ ያህል እንደመሄድ በይው» አልኳት። «አብሽር፣ ብቻ እሷ ዘንድ ያድርሰኝ» አለችኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ሰዓቱ ነው። መሄጃና መመለሻው እኩል አይደለም። ከዋሽንግተን ሲመጣ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ይገባል። ሲሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ 16 ወይም 17 ሰዓት ይወስዳል። ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የክንፉም የሞተሩም አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብደዋል። የዋሽንግተኑ ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ኃይለኛ ንፋስ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይይዛል።

ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ እንደ ጊዜው ይለያያል፤ በአንድ ወቅት ደብሊን ነበር። የትም ይሁን፣ ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ጎማው መሬት ሲነካ ደረስኩ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንስታ መውረድ ነው የሚቀናት። ስለዚህ ቡና ላይም እራት ላይም እደጋግምላታለሁ፦ «መጀመሪያ ሲያርፍ እንዳትነሺ። አሜሪካ አይደለም። ነዳጅ ሊሞላ ነው።» እናቱን የሚልክ ሰው ሁሉ ከሻንጣው በፊት ይህን ይንገራት። እኛ ግን ጉልበታችንን በርበሬና ሽሮ 23 ኪሎ እንዳያልፍ በመመዘን እንጨርሳለን። የኛ ቤትም አሁን በሶው ይውጣ፣ ድርቆሹ ይግባ እየተባለ ነው።

ሰዓቱንም በወረቀት ጽፌላታለሁ። ትኬቱ ላይ 22፡30 ማለት በኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ነው። ማታ ተነስታ እዚያ በጠዋት ትደርሳለች። ሲያዩት አንድ ሌሊት ይመስላል። እግሯ እንዳያብጥ ግን በየመሃሉ ተነስታ እንድትንቀሳቀስ፣ ውሃም እንድትጠጣ አደራ ብያታለሁ።

ከቦሌ አራብሳ በጊዜ እንወጣለን። ጎሮ ጋ መንገዱ ከተዘጋ እንኳን ዋሽንግተን ቦሌም ሩቅ ነው። የመመለሻውን እስካሁን አልነገርኳትም፤ ሁለቱ ይደባለቁባታል። እሱን እህቴ እዚያው ታስረዳታለች።