ቀዩ መስመር

ትናንት ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ብርድ የወረደ ሰው ያንን ሙቀት ያውቀዋል። እኔ ግን በዚያ ሙቀት ተንቀጠቀጥኩ። "ወባ ትሆናለች" ብለው ለምርመራ ላኩኝ።

ጣቴን ወግተው ደሜን ትንሿ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ጠብ አደረጉት። ጠብቅ ተባልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አጮልቀው አዩና "ደሙ መስመር ሠራ" አሉ።

"ደም አይደለም እማማ፣ ወርቅ ነው" አለቻቸው ባለሙያዋ።

የእማማ እጅ ሳይታወቃቸው ወደ ጉትቻቸው ሄደ። "ወርቅ ቢጫ አይደል እንዴ?"

ባለሙያዋ እውነቷን ነው። መስመሩን የሚያቀላው የወርቅ ብናኝ ነው። የአንዷ ቅንጣት ስፋት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ብቻ ነው፤ የፀጉራችን ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣታል። ወርቅ እንዲህ ሲደቅ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ እስክስታ እንደሚመታ ትከሻ አብረው ይርገፈገፋሉ። አረንጓዴውን ብርሃን ይውጡታል፣ ቀዩ ይተርፋል። መጠኑ ወይም ቅርጹ ከተቀየረ ቀለሙም ይቀየራል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ስለዚህ ቀይ ወርቅ የጻፈው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ደግሞ ተመራማሪዎች እንደ ወርቅ ባለ ብረት ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ቦይ እየፈለፈሉ ብርሃንን እንደ ሮቢት ሽንኩርት ማሳ ውሃ ይመሩታል።

የእኔ መስመር አንድ ብቻ ሆነ፤ ወባ ቢኖር ሁለተኛ መስመር ይታይ ነበር። ወባ የለም። (ጉንፋን ነው አሉ፣ አፈርኩ።)

ባለሙያዋ መመርመሪያውን ቆሻሻ ውስጥ ስትጥለው እማማ ብድግ አሉ።

"ኧረ ልጄ፣ ወርቁን!"